ከመውጣቱ በፊት መውረዱን አስቡ፦ ከጓደኞች ጋር የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ

የመረጥነው መንገድ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመነሻው እስከ ገደሉ አፋፍ 900 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። የሄድነው ስድስት ሆነን ነው። ከሁሉ በፊት የሠራሁት የሰዓቱን ሒሳብ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ደንብ ዛሬም ይጠቅማል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። በዚህ ስሌት መውጫው 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይፈጃል። ግን ደንቡ የወጣው እግሩ ለጠነከረና ሳይቆም ለሚሄድ ሰው ነው። ስድስት ሰው የጫማ ክር ሲያስር፣ ውሃ ሲጠጣ፣ ፎቶ ሲያነሳ ጊዜው ይበላል። ስለዚህ ግማሹን ጨምሬ 4 ሰዓት ያዝኩ። ቁልቁለቱን ደንቡ በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ጠጠሩ ከእግር ሥር በሚሸሽበት ቦታ ይህ አይሆንም፣ 3 ሰዓት ሰጠሁት። አፋፉ ላይ አንድ ሰዓት ተጨምሮ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስተን 9 ሰዓት ላይ እንወርዳለን ማለት ነው።

ከሒሳቡ ሁሉ ትልቁ ቁጥር የመመለሻው ሰዓት ነው፦ ቀትር 6 ሰዓት። አፋፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረው እንኳ 6 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እናዞራለን ብለን መነሻው ላይ ሁላችንም ተስማማን። ይህ ስምምነት ታች ሳለን ካልተያዘ ላይ አይገኝም፤ የደከመና የጓጓ ሰው «ትንሽ ናት የቀረችው» ማለቱ አይቀርም። ደግሞ ጨለማው ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ደመና ይቋጥራል፣ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ይከተላል። በመብረቅ ሰዓት ራቁቱን የቆመ አፋፍ ላይ መገኘት የለብንም።

ውሃ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር አስበን፣ ለ7 ሰዓት እርምጃ ሦስት ሊትር ተኩል ያዝን። ይህ ሦስት ኪሎ ተኩል ሸክም ነው። ከቦርሳው ግርጌ ወይም ከውጭ በኩል ከተቀመጠ ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ጀርባን ተጠግቶ በትከሻዎች መካከል ሲውል ግን ያን ያህል አይሰማም።

አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ላይ ደግሞ ንፋስ አለ፣ ሸሚዝ በላብ ርሷል። ጥጥ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትንም ይወስዳል። እንደደረስን፣ ገና ፎቶ ሳይነሳ፣ ሁሉም ደረቅ ልብስ ቀየረ።

የመጀመሪያው ሰዓት ላይ የተሳሳትነው በአሰላለፍ ነው። ብርቱዎቹ ከፊት ቀደሙ፣ ሰልፉ ተበጠሰ። ከፊት ያሉት ቆመው ያርፋሉ፣ የመጨረሻው ሲደርስባቸው ተነስተው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ እረፍት የሚያጣው ያው በጣም የደከመው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ዝግ የሚለውን ከፊት አስቀደምን፣ የሕክምና ቦርሳውን የያዘ አንድ ጠንካራ ሰው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ደጀን ሆነ። ፍጥነቱን የለካነው በወሬ ነው፦ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያለከልክ መናገር ካቃተው፣ መሪው ያዘግማል።

እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ተረከዝ ላይ ሞቅ ሞቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው መቆም። ጫማው ይወለቃል፣ ቆዳው ላይ የሳንቲም ያህል ቅላት ይታያል፤ ላቡ ተጠርጎ በደንብ ሲደርቅ ፕላስተር ሳይሸበሸብ ይለጠፍበታል። ካልደረቀ በአሥር ደቂቃ ተጠቅልሎ ካልሲ ውስጥ ይገኛል፣ መፈግፈጉም ይብሳል።

ለቁልቁለቱ ክሩን እንደገና አሰርን። በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ክሩ ሳይሻገር በዚያው ጎን ይገባና ትንሽ ቀለበት ይተዋል፤ የወዲያኛው ጫፍ በዚህ ቀለበት ውስጥ አልፎ ወደ ታች ይሳባል። ተረከዝ ኋላ ላይ ይያዛል፣ ጣቶችም የጫማውን ፊት አይመቱም። ጥፍሩን አስቀድሞ ያልቆረጠ ሰው ግን ይህም ብዙ አያድነውም።

አፋፉ ላይ ያወጣነው ደንብ አጭር ነው፦ ከጠርዙ ሁለት ሰው ቁመት ያህል እንራቅ። ድንጋዩ ከሥሩ ተቦርቡሮ እንደሆነ ከላይ አይታይም። ፎቶ የሚያነሳው ስክሪኑን እያየ አይራመድም፣ የሚነሳው ወደ ኋላ አያፈገፍግም።

ስንወርድ አጭር አጭር እርምጃ፣ ጉልበት በጥቂቱ ታጥፎ። ጠጠሩ ላይ አንዱ በሌላው ትክክል ሥር አልሄደም፤ ድንጋይ ያስለቀቀ ሰው፣ ድንጋዩ ከታች ያለን ሰው ቢያሰጋም ባያሰጋም፣ «ድንጋይ!» ብሎ ይጮኻል። ስልኮቹን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገን፣ ካርታውን አስቀድመን አውርደን ስለነበር ባትሪው ተረፈን። የግንባር ባትሪዎቹም ከቦርሳ ሳይወጡ ተመለሱ፤ ቢሆንም ያለ እነርሱ አንሄድም።

9 ሰዓት ከ20 ላይ መነሻው ደረስን። በየጠርሙሱ የቀረው ውሃ ከአንድ ብርጭቆ አይበልጥም ነበር፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሊትር ጨምሬያለሁ።