«ላላ በሉ» እና የጋሽ ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን

ስለ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» አልበም የተባለው አብዛኛው ነገር ስለ ታክሲያቸው ነው። የዋልያስ ባንድ መሪ የነበሩት ሰው አሜሪካ ቀርተው በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲያሽከረክሩ፣ ተራ በሚጠብቁበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ብዙ ተወርቷል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሙዚቃውን ግን ጋርዶታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ይህ አልበም የሚማርከኝ ሠሪው ያሳለፉት ሕይወት ስለሚያስገርም ሳይሆን፣ አንድ ሙዚቀኛ ሥሩን ሳይለቅ አጃቢውን ሲለውጥ ድምፁ ምን ያህል እንደሚለወጥ ስለሚያሳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቼ በለው» አልበም የጋሽ ኃይሉ ኦርጋን በዋልያስ ባንድ መሣሪያዎች፣ በተለይም በትንፋሽ መሣሪያዎቹ የተከበበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ በሠሩት የካሴት አልበም ላይ ግን ማንም አልነበረም፤ አኮርዲዮኑን፣ እንዲሁም ሮድስ፣ ሙግና ዲኤክስ ሰቨን የተባሉትን የኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ራሳቸው ተጫውተው አንዱን በሌላው ላይ ደረቡ፣ ምቱን ደግሞ ለድራም ማሽን ሰጡት። ማሽን አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ተጫዋቹ ስሜቱ ሲነሣሣ አብሮት አይነሣሣም። አኮርዲዮኑ በዚያ በማይነቃነቅ ምት ላይ ብቻውን ሲያንጎራጉር የሚሰማው ብቸኝነት የካሴቱ ትልቁ ውበት ይመስለኛል። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ባያሳትመው ኖሮ «ላላ በሉ» ይሠራ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ስለ አኮርዲዮን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሳያቋርጥ መሻገር ይችላል፤ የአኮርዲዮን ድምፆች ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ እያንዳንዳቸው በየቁልፋቸው የተቆረጡ ናቸው፣ በመካከላቸው የሚንሸራተቱበት መንገድ የለም። ጋሽ ኃይሉ ይህን የሚያካክሱት በሁለት ነገር ነው፤ ወደ ዋናው ድምፅ ከመድረሳቸው በፊት አጠገቡ ያለውን ቁልፍ ነካ አድርገው ያልፋሉ፣ ድምፁን ከያዙ በኋላም ወናፉን ጠበቅና ለቀቅ እያደረጉ ያርገበግቡታል። ትዝታን ያህል በአምስት ድምፅ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቅኝት በዚህ መሣሪያ ሳይሰለች የሚዘልቀው በእንዲህ ዓይነቱ ቅመም ነው።

«ላላ በሉ» የሚከፈተውም በትዝታ ሲሆን፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በዚህ አልበም ላይ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ፣ ድራሙን ደግሞ «ዘ ኔክስ» በተባለው የአውስትራሊያ ቡድን የሚታወቀው ቶኒ በክ ይዘዋል። በክ ለችክችካ ምት ባዳ ነው፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። የኛ ሰው በልማድ የሚያልፈውን ቦታ እርሱ ቆም ብሎ ያዳምጠዋል፣ አኮርዲዮኑ ሲረጋ ይረጋል፣ ሲገፋ ይገፋል፤ ማሽኑ ያልሰጠውን መልስ ይሰጣል። አልፎ አልፎ የድራሙ ክብደት ለጆሮዬ ይበዛብኛል፣ በተለይ ኪቦርዱ ስስ ድምፅ በያዘባቸው ቦታዎች። ቢሆንም ጋሽ ኃይሉ ከሰው ጋር ሲጫወቱ የበለጠ ነገር ለመድፈር እንደሚነሣሡ ግልጽ ነው፤ ስለዚህ አልበሙን የ1985ቱ ካሴት ተከታይ አድርገው የሚያዩት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ሥራ «የፍቅር እንጉርጉሮ» በፒያኖ ብቻ የተሠራ ነው። ፒያኖ ወናፍ የለውም፤ አንዴ የተመታ ድምፅ እየከሰመ ከመሄድ በቀር ሌላ ዕድል ስለሌለው፣ ቅመሙ ሁሉ በጣትና በዝምታ ብቻ መሠራት አለበት። የሚገርመው፣ ያ የአኮርዲዮን ልማድ፣ ጎረቤቱን ነካ አድርጎ ማለፉ፣ እዚህም ሳይለወጥ መገኘቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው «የኔ ምርጫ» ላይ ደግሞ ሰጠኝ አጠናው በማሲንቆ፣ የቀድሞው የዋልያስ ሳክስፎን ተጫዋች ሞገስ ሀብቴም በትንፋሽ ገብተዋል። ጋሽ ኃይሉ በቁልፍ ሲያካክሱት የኖሩት መንሸራተት በዚህ አልበም ከራሱ ከማሲንቆው ይሰማል።