«አፈር» የምባልባት ከተማ

ድሬዳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓመት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ የእህል መጋዘን ለመቁጠር እመላለስባታለሁ። ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ስለሆነ በሄድኩበት ሁሉ ሰው በፈገግታ ይቀበለኝና በልቡ የመሄጃዬን ቀን ይቆጥራል፤ ይህን ስለለመድኩት ቅር አይለኝም። ምክንያቱን የፈለግሁለት ነገር ቢኖር፣ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት የአዲስ አበባው ሰፈሬ ጎረቤት ስሜን ሳያውቅ፣ በበረሃ ዳር ያለች ከተማ ለምን ቅጽል ስም እንዳወጣችልኝ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ በአውቶቡስ ነበር። ከአዋሽ እስከ ቁሉቢ ያለውን መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት። ከደንገጎ ጀምሮ ግን መኪናው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እየተያያዘ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው በየኩርባው አንድ አንድ ልብስ ያወልቅ ጀመር፤ እኔም ሹራቤን፣ ቀጥሎም ኮቴን አውልቄ፣ ከተማዋ ስንገባ ሁለቱንም ታቅፌ በላብ ተጠምቄ ነበር። ይህን ሁኔታዬን ያየ የባጃጅ ሾፌር ቀዚራ ሰፈር ድረስ ሰማንያ ብር አስከፈለኝ። የአገሬው ሰው ሃያ ብር እንደሚከፍል ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ሒሳብ ልመረምር መጥቼ በሒሳብ መበለጤ ከገንዘቡ ይልቅ አንገበገበኝ፤ እስከ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ስልሳዋን ብር እቆጥራታለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ የሆነው ከዚህ የባሰ ነበር። ከጫኝና አውራጆቹ ግማሾቹ ሶማሊኛ፣ ግማሾቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ሐረሪ ነው፤ ቅጹን የምሞላው እኔ ደግሞ ከአማርኛ በቀር የማውቀው የለኝም። ስንዴው ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እየተዛወረ በአምስት በአምስት ይቆጠር ነበር። ከክምሩ አናት የቆመው ጎልማሳ ጆንያውን ባሻገረ ቁጥር «ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ» እያለ ቆየና አራተኛው ላይ ወደ እኔ ዞሮ «አፈር!» ሲል ጮኸ። ስንዴው አፈር ተቀላቅሎበታል ማለቱ መሰለኝ። ቆጠራውን አስቆሜ ጆንያው እንዲፈታ አዘዝኩ፤ ተፈታ፤ ስንዴው ንጹሕ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ያው ሰው ያንኑ ቃል ደገመው፤ ያንንም አስፈታሁ፤ በእጄም ዘግኜ ከእንክርዳድ በቀር ምንም አጣሁበት። ሦስተኛውን ላስፈታ ስል ኃላፊው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ‹አፈር› በሶማሊኛ አራት ማለት ነው» አለኝ። እንደዚያን ቀን የተሳቀብኝ በልጅነቴም አላስታውስም። ጆንያዎቹን መልሶ ለመስፋት የጠፋው ጊዜም በእኔ ተቆጠረ።

ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ተማርኩ። በኦሮምኛ አራት «አፉር»፣ በሶማሊኛ «አፈር» ነው፤ አምስት ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱም «ሸን» ይላሉ። የሐረሪውም አምስት ከእኛው አምስት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች እስከ አራት በየቋንቋቸው እያጉረመረሙ ይመጡና አምስተኛው ጆንያ ሲያርፍ «ሸን!» ብለው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ እኔም በቅጼ ላይ አንድ ሰረዝ እጥላለሁ። ካየኋቸው የቆጠራ ዘዴዎች ሁሉ ስሕተት ያነሰበት ይኸው ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ «አፈር» ሆኜ ቀረሁ። አንዱ «አፈር!» ብሎ ሲጠራኝ «ሸን!» ብዬ መመለስ ይጠበቅብኛል፤ ካልመለስኩ ያኮረፍኩ ይመስላቸዋል።

ከተማዋ ራሷ የቆመችው በመጤ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ሊዘልቅ ታስቦ፣ ተራራውን መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ቆመ፤ ጣቢያዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ገባ፤ ከዙሪያዋና ከመሐል አገር ደግሞ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው መጣ። በቀዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ከሚቀመጡ የባቡር ጡረተኞች አንዱ ከእኔ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን «ለገሃር» ስል ሰምቶ፣ ቃሉ በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያው ማለት የሆነው «ላ ጋር» ነው ብሎ እስኪሰለቸኝ ድረስ አስደገመኝ። ለገሃርን ከአዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ቃል አድርጌ ስቆጥረው የኖርኩ ሰው ነኝና ትንሽ አፈርኩ። ኦሮሚያም ሶማሌም የእኔ ናት የሚሏት ይህች ከተማ፣ በ1996 ዓ.ም. ቻርተር አግኝታ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ ሆናለች፤ ስለዚህ ጉዳይ በየሻይ ቤቱ ሲከራከሩ ስለምሰማ፣ ፍቅር ብቻ የሰፈነባት ናት እያሉ የሚያሞግሷትን ያህል የዋህ አይደለሁም። ከሰው ጋር ስተዋወቅ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የምን አገር ሰው ነህ?» ሳይሆን «ሙቀቱን ቻልከው?» ነው።

አልቻልኩትም። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ሱቁም ቢሮውም ተዘጋግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሰው ወደ ጥላና ወደ በርጫ መግባቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ስንፍና ነው ብዬ በሪፖርቴ ላይ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር። አንድ ቀን በእልኸኝነት ስምንት ሰዓት ላይ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ብቻዬን ልቆጥር ገብቼ፣ ከመቶ በኋላ ያለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። አሁን በዚያ ሰዓት እተኛለሁ።

የምተኛበት ቤት ባለቤት ሁሉም «አዴ» የሚሏቸው እናት ናቸው። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ከተማዋን ሲያዳርስ እዚያው ነበርኩና ያዘኝ። በሽታውን የምታስተላልፈው ቀን የምትነክስ፣ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ የምትራባ ትንኝ ናት፤ ውኃ እየጠፋ ሰው በየበርሜሉ ስለሚያጠራቅም ደግሞ መራቢያ አላጣችም። በሁለተኛው ሌሊት ትኩሳቴ ጨመረ፣ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ፤ ከአልጋ ወርጄ በር ልክፈት ብል ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ አለኝ። በእጄ ግድግዳ እየተደገፍኩ ስደርስ አዴ ኩራዝ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለካ ሳቃስት ሰምተውኛል። ወንበር ግቢ አውጥተው አስቀመጡኝና በካርቶን ቁራጭ እያራገቡ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የአጃ ሾርባ አቀረቡልኝ። አልበላም አልኩ።

«አፈር ስሆን፣ አንድ ማንኪያ» አሉኝ።

ጨለማው ውስጥ የተኛው ልጃቸው፣ «እማ፣ አፈርስ እሱ ነው» አለ። ስሜ ከመጋዘን አልፎ ቤት መግባቱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስስቅ መገጣጠሚያዬ ሁሉ ታመመ፤ ሾርባውን ግን ጨረስኩ። ሒሳቤን ልከፍል ስል ሕመም ላይ የሆንኩባቸውን አራት ቀናት አዴ አልቆጠሩም፤ ብከራከራቸው፣ «ለመሥሪያ ቤትህ እንጂ ለእኔ አትቁጠር» ብለው ተቆጡኝ።

በዘንድሮው ጉዞ አንድ ወጣት ባልደረባ አብሮኝ መጣ። ደቻቱን በድልድዩ እየተሻገርን ነበር፤ ከሥራችን አሸዋ ብቻ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ይኸው ደረቅ ወንዝ በደራሽ ጎርፍ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደወሰደ ስነግረው ቁልቁል እያየ ዝም አለ። ገበያው ሰፈር መጋላ እንደገባን ከአንድ የጭነት መኪና ላይ ጎልማሳው ጆንያ አሻጋሪ አየኝና በገበያው ላይ «አፈር!» ሲል አምባረቀ። ልጁ ክው ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚሰድብዎት?» አለኝ።

ሰውየው እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ ይጠብቃል።

«ሸን!» አልኩት።