የዩሪክ አሲድ ምርመራን ማንበብ፦ የአራት ወር ማስታወሻ

የግራ እግሬ አውራ ጣት በሌሊት አብጦ አንሶላ ሲነካው እንኳ የማያስችል በሆነበት ሳምንት የተደረገልኝ የደም ምርመራ፣ የዩሪክ አሲዴ (በደም ውስጥ ሲበዛ በመገጣጠሚያ ክሪስታል ሠርቶ ሪህ የሚያመጣው ንጥረ ነገር) መጠን በዴሲሊትር 6.1 ሚሊግራም መሆኑን አሳየ። ከቁጥሩ አጠገብ የወንዶች መደበኛ ወሰን ከ3.4 እስከ 7.0 ተብሎ ስለተጻፈ ሕመሜ ሪህ አይደለም ብዬ ደመደምሁ። ሕመሙ ለቅቆኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሐኪሜ ትእዛዝ የተደገመው ምርመራ ግን 8.2 ሆነ። ላለፉት አራት ወራት ሳነብና ስጠይቅ የቆየሁት የእነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ለመረዳት ነው።

ሕመሙ ሲቀሰቀስ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን በሽንት የሚያስወግድበት መጠን ሊጨምር ስለሚችል፣ በዚያው ሰሞን የሚወሰድ ደም ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የተገኘ መደበኛ ውጤት ሪህ የለም አያሰኝም፤ ሕመሙ ካለፈ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይበልጥ አስተሳሰቤን የለወጠው መደበኛ የሚባለው ወሰን ከየት እንደሚመጣ ማወቄ ነው። ወሰኑ የሚወጣው ጤነኛ ከሚመስሉ ሰዎች ውጤት ሲሆን፣ ዩሬት (ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ የሚገኝበት መልክ) በሰውነት ሙቀት በደም ውስጥ ሊሟሟ የሚችልበት ጣሪያ ግን 6.8 ገደማ ነው። እንግዲህ 6.9 የሆነ ሰው በወረቀቱ ላይ መደበኛ ቢባልም ደሙ ከጣሪያው አልፏል ማለት ነው። የእግር ጣት ደግሞ ከሌላው አካል ስለሚቀዘቅዝ፣ በቅዝቃዜም ሟሟነቱ ስለሚቀንስ፣ ክሪስታሉ እዚያ መከማቸት መውደዱ አሁን አይደንቀኝም። በአንጻሩ ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሪህ ሳይዛቸው ይኖራሉ፤ ሕመሙን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታየው መርፌ መሰል ክሪስታል ነው።

አለካኩንም ተከታትያለሁ። ዩሪኬዝ የተባለ ኢንዛይም በናሙናው ያለውን ዩሪክ አሲድ ሲለውጠው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ እርሱም ቀለም ያወጣል፤ መሣሪያው የቀለሙን ድምቀት ይለካል። (ይህ ኢንዛይም በብዙ እንስሳት ዘንድ ሲኖር በሰው አካል ውስጥ አይሠራም፤ ዩሪክ አሲድ የሚጠራቀምብንም በዚሁ ምክንያት ነው።) በብዛት የተወሰደ ቫይታሚን ሲ ፐርኦክሳይዱን ስለሚሻማ ቁጥሩን በሐሰት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የሰውነት ውኃ ማነስ፣ ረጅም ጾም፣ አንዳንድ ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶችና በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ደግሞ የእውነት ከፍ ያደርጉታል። በዚህ ምክንያት በደብተሬ ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን ቀኑን፣ ሕመሙ ካለፈ የቆየበትን ጊዜና የምወስደውን መድኃኒት እጽፋለሁ። ውጤቱ በማይክሮሞል በሊትር ከተሰጠኝ ለ59.5 አካፍለዋለሁ።

አሎፑሪኖል የተባለውን ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት ከጀመርሁ ወዲህ የመጨረሻው ውጤቴ 6.6 ነው። ወረቀቱ መደበኛ ቢለውም፣ ከሟሟነት ጣሪያውም ትንሽ ቢወርድም፣ የተከማቸው ክሪስታል ቀስ በቀስ እንዲሟሟ የሚፈለገው ከ6 በታች ስለሆነ ሐኪሜ የመድኃኒቱን መጠን ጨምሮልኛል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሜ እመረመራለሁ።