የጦስኝ ዘይትንና ቴትራሳይክሊንን አጣምሬ እንዴት እንደሞከርሁ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ከጦስኝ የሚወጣው ተናኝ ዘይት ቴትራሳይክሊን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ሲጣመር፣ መድኃኒቱን የተላመደ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ እንደገና ሊሸነፍ ይችላልን? ቴትራሳይክሊንን የመረጥሁት ባክቴሪያው የሚላመድበት መንገድ በሚገባ ስለሚታወቅ ነው። ብዙውን ጊዜ በሽፋኑ ላይ ያለ ፓምፕ መድኃኒቱን ከውስጥ መልሶ ያስወጣዋል፤ ፓምፑም ጉልበት የሚያገኘው በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ካለው የፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) መጠን ልዩነት ነው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል ደግሞ ሽፋኑን አላልተው ይህን ልዩነት ያፈርሳሉ። ነገር ግን ቴትራሳይክሊን ወደ ባክቴሪያው የሚገባውም በከፊል በዚያው ጉልበት ስለሆነ፣ ዘይቱ መድኃኒቱን ያግዘው ወይም ያደናቅፈው እንደሆነ በሐሳብ ብቻ መወሰን አይቻልም ነበር።

ዘይቱን ያወጣሁት በጥላ የደረቀውን ቅጠል ከውሃ ጋር አፍልቶ እንፋሎቱን በሚያቀዘቅዘው የክሌቬንጀር መሣሪያ ነው። የተረፈውን እርጥበት በሶዲየም ሰልፌት ካስወገድሁ በኋላ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ጠርሙስ አድርጌ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አስቀመጥሁት። ጦስኝ እንደበቀለበት ቦታ አንዱ ታይሞል፣ ሌላው ካርቫክሮል የሚበዛበት ስለሆነ፣ ጥናቱን ሁሉ ከአንድ ጊዜ ምርት መሥራትና ይዘቱንም ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ማስለካት ግድ ነው፤ አለዚያ «የጦስኝ ዘይት» የሚለው መጠሪያ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም።

ጥምረቱን የፈተንሁት ባለ 96 ጉድጓድ ሰሃን ላይ ነው፤ ዘይቱን በአግድም፣ መድኃኒቱን በቁም በየደረጃው በግማሽ እየቀነስሁ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ በሚሊ ሊትር ወደ 500,000 የሚጠጋ ባክቴሪያ ጨመርሁ። አስቸጋሪው ወገን መድኃኒቱ ሳይሆን ዘይቱ ነው። ከውሃ ጋር ስለማይዋሐድ ዘይትን በውሃ ውስጥ የሚበትን ትዊን 80 ያስፈልገዋል፤ ትዊኑ ራሱ ባክቴሪያውን ወይም መድኃኒቱን እንዳይነካ ደግሞ፣ ትዊንና ቴትራሳይክሊን ብቻ ያለበት ማነጻጸሪያ በሰሃኑ ላይ ሊኖር ይገባል። ዘይቱ ፈሳሹን ስለሚያደፈርስ ባክቴሪያው ማደጉን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሕያው ባክቴሪያ ባለበት ከሰማያዊ ወደ ሮዝ የሚለወጠውን ሬሳዙሪን ተጠቀምሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ትነቱ ነው፤ በ37 ዲግሪ ሲያድር የዘይቱ ትነት ወደ ጎረቤት ጉድጓድ እየተሻገረ፣ ዘይት ያልገባበትን ባክቴሪያ ያዳክማል። ሰሃኑን በሚጣበቅ ፕላስቲክ ማሸግና ዘይት የሌለበትን ማነጻጸሪያ ዘይቱ ከበዛበት ዳር ማራቅ ይህንን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የተማርሁት ዋናው ነገር ስሌቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጥምረት ሲሆን ባክቴሪያውን ያገደበት መጠን፣ ለብቻው ሲሆን ላገደበት መጠን ተካፍሎ ሁለቱ ውጤቶች ይደመራሉ፤ ድምሩ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተደጋግፈዋል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ተቃርነዋል ይባላል። ለምሳሌ ዘይቱ ከ2 ወደ 0.5 ማይክሮ ሊትር፣ ቴትራሳይክሊኑም ከ64 ወደ 16 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ቢወርድ ድምሩ ልክ 0.5 ነው። ዘይቱ በአንድ ደረጃ ብቻ ተንሸራቶ 1 ላይ ቢያግድ ግን ድምሩ 0.75 ይሆንና መደጋገፉ ይቀራል፤ የአንድ ደረጃ መንሸራተት ደግሞ በዚህ ዘዴ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሙከራው በተለያየ ቀን ካልተደጋገመ በስተቀር ድምሩን ለማመን አልደፍርም። ከዚህም ሌላ፣ 16 ማይክሮ ግራም ለኢ. ኮላይ ገና «የተላመደ» የሚባልበት ወሰን ነው። ወረቀት ላይ ያማረው 0.5 ለታካሚው ምንም ያልለወጠ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ለዚህም በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ከድምሩ ጎን የመድኃኒቱን ትክክለኛ መጠን መጻፍ ጀመርሁ።

ከሰሃኑ ወጥተን ባክቴሪያው ወደሚኖርበት አንጀት ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ታይሞልና ካርቫክሮል አብዛኛው ክፍላቸው በጨጓራና በትንሹ አንጀት ስለሚመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ሽፋን የሚያፈርስ ነገር ደግሞ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። ስለዚህ ይህን ሥራ ለሚቀጥል ሰው የምመክረው፣ ጥምረቱን ጠቃሚ በሆነው የአንጀት ባክቴሪያ በላክቶባሲለስ ላይም ጎን ለጎን እንዲፈትንና ከማገድ አልፎ መግደሉን በ24 ሰዓት ቆጠራ እንዲያረጋግጥ ነው፤ በዚያ ቆጠራ መደጋገፍ የሚባለው፣ ጥምረቱ ከሁለቱ ብርቱው ለብቻው ካስቀረው ባክቴሪያ ቢያንስ በ100 እጥፍ ያነሰ ሲያስቀር ነው።