ሁለተኛው ዙር፦ የድምፅ ገመድ አጠቃለል ልምምዴ

በቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ክፍል ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ ከሚክሰሩ (ድምፆቹን ከምናመጣጥንበት መሣሪያ) ይልቅ እጄን ያስቸገረው የማይክሮፎን ገመድ መጠቅለል ነው። አብዛኞቻችን ገመድ በመዳፍና በክርን ዙሪያ ሲጠመጠም እያየን ነው ያደግነው። ለልብስ ማስጫ ይሁን፤ ለዚህ ግን አይሆንም።

ገመድ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲጠመጠም እያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ጥምዘዛ ይጨምርበታል። 10 ሜትር ገመድ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ሲጠቀለል ወደ 9 ዙር ይወጣዋል፤ ጫፉ ሲሳብ 9 ጥምዘዛ መድረኩ ላይ ይጠብቀናል ማለት ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎችና ከውጭ ጣልቃ ገብ ድምፅ የሚከላከላቸው የመዳብ ጥልፍ ይህን በየሳምንቱ አይችሉትም። መዝሙር መሃል የሚንጫጫው ማይክሮፎን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው።

መፍትሔው አንዱን ዙር እንደ ወትሮው፣ ቀጣዩን ገልብጦ መጠቅለል ነው፤ ያኛው ያስገባውን ጥምዘዛ ይኼኛው ያወጣዋል። ጣጣው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። ጥቅሉን በግራ እጄ ይዤ፣ ቀኝ እጄን አውራ ጣቴ ወደ ታች፣ መዳፌ ወደ ውጭ እስኪሆን ገልብጬ ገመዱን እይዛለሁ። ወደ ግራ እጄ ሳመጣው አንጓዬን መልሼ አዞራለሁ። የተረፈው ገመድ በዙሩ ውስጥ በኩል ከወረደ ተሳክቷል። ከዚያ እንደገና ተራው ዙር።

አሁን በ10 ሜትሩ ላይ እጄ ሳላስበው ይሠራል። በ20 ሜትሩ ግን የተገለበጠው ዙር ከሌላው እያነሰብኝ ጥቅሉ ይንጋደዳል። ለዓመታት በክርን ሲጠመጠም የኖረ ገመድም እሺ አይልም፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት ዘርግቼ ሲለሰልስ ነው የሚታዘዝልኝ።

አንድ ወጥመድ አለው። ጫፉ በጥቅሉ መሃል ሾልኮ ካለፈ፣ ሲሳብ ተከታታይ ቋጠሮ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ስልቱን የሚረግም ብዙ ነው። ስለዚህ ጥቅሉን ወዲያውኑ በቬልክሮ (ተጣብቆ በሚላቀቅ የጨርቅ ማሰሪያ) አስራለሁ። ናስትሮ ሙጫውን ትቶ ስለሚሄድ አልወደውም፤ በራሱ በገመዱ ጭራ ማሰርም አንገቱን ያጥፈዋል። የምሰቅለው ወፈር ባለ የእንጨት ማንጠልጠያ ላይ ነው፤ ምስማር ሁሉንም ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል።

የጊታርና የሞንታርቦ (የትልቁ ድምፅ ማጉያ) ገመዶችን ደግሞ በቀለም ለይቼ አስቀምጣለሁ። ሁለቱም ባለ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ (መሰኪያ) ሲሆኑ መልካቸው አንድ ነው፤ የጊታሩ ቀጭን ሽቦ ግን ከአምፕሊፋየር የሚወጣውን ኃይል እንዲሸከም አልተሠራም።

የቀረኝ ከመድረክ እስከ ሚክሰር የሚዘረጋው ባለብዙ መስመር ወፍራም ገመድ ነው። እሱ በእጅ አይያዝም፤ መሬት ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይነጠፋል፤ የግራው ክብ የቀኙን ጥምዘዛ ያወጣለታል። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ለማንሳት ስንት ሰው እንደሚበቃ ንገሩኝ።