ምጣድ ያላት የካርቶን ቤት

ደሴ ውስጥ 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ኤሌክትሪክ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ለተማሪዎቼ የሰጠሁት የቡድን ሥራ መብራቷ የሚበራ የካርቶን ቤት ነበር። ከቀረቡት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው የአንዱ ቡድን ቤት ናት፤ ስለ እሷ ልጻፍ።

ግሩፕ አሳይመንት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አንዱ ይሠራል፣ አንዷ በሚያምር ጽሕፈት ትገለብጣለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። አንድ ለአምስት ተብለው ቢደራጁም ሥራው አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ያርፋል። ቤት ግን ለዚህ አይመችም። የሳሎኑን መስመር የያዘው ልጅ ሥራውን ካልጨረሰ መኝታ ቤቱ ጨለማ ነው። ማን እንዳልሠራ እኔ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ጓደኞቹ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ያመጡታል።

ከመጀመሪያው ቀን የተናገርኩት ነገር አለ። ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ጋር ምንም ነገር አይገናኝም። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። በልብ በኩል ካለፈ የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ከረንት እንኳ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቤቷ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሦስት ድንጋይ፣ 4.5 ቮልት። ሌላው ደግሞ፣ በማቅረቢያው ቀን ከገመዶቹ አንዱን ደብቄ እነቅላለሁ፤ የጠራሁት ተማሪ ፈልጎ ያገኘዋል። ይህን ያልኩት ከፍሎ ያሠራ ሰው ወዲያው እንዲታወቅ ነው።

ይህ ቡድን መጀመሪያ የተከራከረው በቤቷ ዓይነት ነበር። ወንዶቹ ጂ ፕላስ ዋን ካልሆነ አሉ። አንዷ ልጅ ግን «ማናችን ነን እንደዛ ዓይነት ቤት የምንኖረው? የኛን ቤት እንሥራ» አለቻቸው። እሷ አሸነፈች። ሳሎንና መኝታ ቤት፣ በረንዳ፣ ከጓሮ ለብቻው የቆመ ማድ ቤት፣ በር ላይ አንድ መብራት። የካርቶንን አንዱን ገጽ ትንሽ አርሶ መላጥ ውስጡ ያለውን ሞገድ እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ? ብርማ ቀለም ሲቀቡት ቁርጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ሆነ።

ዕቃው ሁሉ ከቤት የወጣ ነው። ትንንሾቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ከተበላሹ የእጅ ባትሪዎች፣ ሽቦው ከተጣለ የኔትወርክ ኬብል፤ ውስጡ ስምንት ባለ ቀለም ሽቦ ስላለው ፕላስና ማይነስን ለመለየት ይመቻል። ማብሪያ ማጥፊያው አግራፍና ሁለት ፒን። ከረንትን የሚገድቡትን ሬዚስተሮች ከአሮጌ ሬዲዮ ነቀሏቸው። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ቀለበት ያለው 100 ኦም ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራት አንድ።

አምፖሎቹን በመጀመሪያ በሲሪስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው አከታትለው፣ ደረደሯቸው፤ ምንም አልበራም። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፤ አራቱ ተከታትለው ወደ 12 ቮልት ይጠይቃሉ፣ ያላቸው ደግሞ 4.5 ነው። በሲሪስ ቮልቴጁ ይደመራል የሚለውን ፎርሙላ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፤ ፈተና ላይም ይጽፈዋል። በጨለማ ቤት ፊት ተቀምጦ ማሰብ ግን ሌላ ነው። ፓራለል አድርገው፣ ማለትም እያንዳንዱን ለብቻው ከድንጋዮቹ ጋር አገናኝተው ሲቀይሩት አራቱም ቦግ አሉ።

የኔን ልብ የወሰደው ግን ማድ ቤቱ ነው። «ቲቸር፣ ማድ ቤት ያለ ምጣድ ይሆናል?» አሉኝ። ከተቃጠለ ባለ 1,000 ዋት ኤሌክትሪክ ምድጃ ጥምዝ ሽቦውን አውጥተው አንድ አሥረኛውን ቆረጡ። 5 ኦም ያህል ነው። ካርቶኑ እንዳይቃጠል ገል ላይ አሰሩት። ከእውነተኛ ምጣድ የተሰበረ ገል! ከዚያ ማብሪያውን ሲጫኑ ምጣዱ ሞቀ፣ የቤቱ መብራት ሁሉ ደግሞ ደከመ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም የራሱን ቤት አየባት። እናት እንጀራ ስትጋግር መብራቱ እንደሚደክም የማያውቅ ልጅ የለም።

ለምን ሆነ? መጀመሪያ ጥፋቱን ሽቦው ላይ ጣሉ። ለማድ ቤቱ ከድንጋዮቹ በቀጥታ የሚነሳ የራሱን መስመር ዘረጉለት። ብዙም ለውጥ አላመጣም። ከዚያ አንደኛው ቴስተሩን፣ ማለትም የቮልት መለኪያውን፣ ድንጋዮቹ ጫፍ ላይ አሳረፈ። ምጣዱ ሲጠፋ 4.5፣ ሲበራ 3.5 ገደማ። በስሌታቸው (4.5 ቮልት ለ5 ኦም ሲካፈል) ምጣዱ 0.9 አምፔር መሳብ ነበረበት፤ የለኩት ግን 0.7 ነው። የጎደለውን የበላው ድንጋዩ ራሱ ነው። ርካሽ ድንጋይ የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የሚገታ ነገር፣ አለው፤ ብዙ ከረንት ሲስቡት ቮልቴጁ ይወርዳል። በሰሌዳ ላይ ይህንን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እደክማለሁ! እነሱ በራሳቸው ደረሱበት። የሰፈር ትራንስፎርመርና መስመርም በራሱ መጠን እንደዚያው ነው። በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እውነተኛውን ቁጥርም አብረን ሠራን። የቤት ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይሆናል። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ብንወስድ 350 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የሚዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

በማቅረቢያው ቀን የበረንዳውን ሽቦ ከካርቶኑ ሥር ነቀልኩና ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማውን ልጅ ጠራሁ። አልተደናገጠችም። ከድንጋዩ ጀመረች፤ እዚያ ቮልት አለ። መሃል ላይ ለካች፤ አለ። በረንዳው ጋ የለም። «ከዚህ እስከዚህ ነው» ብላ ካርቶኑን አነሳች። ጓደኞቿ ከእሷ በላይ ጮኹ።

የዚያን ቀን ወላጆችም መጥተው ነበር። የአንዱ ተማሪ እናት ትንሿን ምጣድ ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ፣ የራሳቸው ምጣድ ሶኬቱ እንደሚግልና ገመዱ እንደሚለሰልስ ነገሩን። ልጃቸው ወዲያው «እማዬ፣ ገመዱ ቀጭን ነው ማለት ነው» አላት። እኔም ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ምጣዱን እንዳይሰኩት ለመንኳቸው። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ሲፈታው ለመብራት የሚሆነው 1.5 ገመድ ሆኖ ተገኘ። አሁን በ4 ተቀይሮ የራሱ ብሬከር ተደርጎለታል። የእናንተም ምጣድ ሶኬቱ የሚሞቅ ከሆነ፣ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትለፉት፤ ሰው ጠርታችሁ አሳዩት።