«ቀላል እኮ ነው» ማለት ክልክል ነው

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ነው የምትማረው፣ እዚህ ቨርጂኒያ። ምክንያቱ ረጅም ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን። እናቷ ቀን ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፣ የእኔ ሥራ የማታ ነው፣ ስለዚህ የቀኑ አስተማሪ እኔ ነኝ። ንባብ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ ላይ ችግር የለባትም፤ እንዲያውም እሷ ናት እኔን የምታስተምረኝ። ሒሳብ ላይ ስንደርስ ግን ቤታችን ልቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

እኔ ደግሞ ማትሪክ ላይ ሒሳብ ኤ ያመጣሁ ሰው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው)፣ ነገሩን ያባባሰው ይኸው ኤ ስለሆነ ነው።

ከፈረንጅ ገና በፊት አንድ ቀን አልጀብራ ይዘን ተቀምጠናል። ጥያቄው 2/3 ኤክስ − 5 = 7 ነው። አምስቷን በትክክል አሻገረቻት። 2/3 ኤክስ = 12 ላይ ደረሰችና እርሳሱን አስቀመጠች። «ቀጥይ» አልኳት። ዝም። «ቀላል እኮ ነው!» አሁንም ዝም። በመጨረሻ እርሳሱን አንስቼ እኔው ሠርቼ 18 ብዬ ጨረስኩት። እሷም «ኦኬ» አለች። ያ «ኦኬ» ምን ማለት እንደሆነ ታዳጊ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ማታ ባለቤቴ «ሒሳብ ስታስተምራት ድምፅህ ይቀየራል፣ የማን ድምፅ ነው?» አለችኝ። የማን እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ ሰሌዳ ላይ አውጥተውኝ «ይቺ አቅታህ ነው?» ይሉኝ የነበሩት መምህር ድምፅ ነው፣ ከኩርኩም ጋር። ኩርኩሙን ትቼዋለሁ፣ ድምፁ ግን ውስጤ ቀርቶ ኖሯል።

«ቀላል እኮ ነው» የምትለዋን ነገር እስቲ አስቧት። ልጁ ከሠራው ቀላል ነገር ነው የሠራው፣ ምስጋና የለውም። ካልሠራው ደግሞ ቀላል ነገር ያቃተው ደደብ ነው። በሁለቱም በኩል አይተርፍም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ቃሏ እቤታችን ክልክል ሆነች፤ ልጄ ወረቀት ላይ ጽፋ እንደ «ማጨስ ክልክል ነው» ጠረጴዛው አጠገብ ለጠፈቻት።

በማግስቱ አልጀብራውን አጠፍኩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት፦ 3/4 እና 5/8፣ የትኛው ይበልጣል? «5/8» አለች፣ ሳታመነታ። ለምን? «አምስት ከሦስት ይበልጣል፣ ስምንትም ከአራት ይበልጣል።» አልተሳሳትኩም ብላ ነው የምታየኝ። እውነቷን ነው፣ በእሷ ዓለም ውስጥ ትክክል ናት። ክፍልፋይ ለእሷ አንድ ቁጥር አይደለም፣ በመስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። እኔ ደግሞ ይህን ሳላውቅ እላዩ ላይ አልጀብራ ስደረድር ከረምኩ።

መቼ ነው ይህ የቀረባት ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጄ 4ኛ ክፍል ነበረች። እዚህ አገር ክፍልፋይ በደንብ የሚሰጠው ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ነው። የልጄ ክፍልፋይ በላፕቶፕ ስክሪን፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ አልጋ ላይ በፒጃማ ነው ያለፈው። እኛም ሥራ ላይ ነበርን፣ ማን አየ።

ታዲያ እስካሁን እንዴት አልታወቀም? የቨርጂኒያ ሕግ ቤቱ ለሚያስተምር ወላጅ አይከብድም። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 «ልጄን ቤት ነው የማስተምረው» ብለህ ታሳውቃለህ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ታስገባለህ። እኛ የምናስገባው የፈተና ውጤት ነው። ከ1 እስከ 9 በሚቆጠረው ስታናይን በሚሉት መለኪያ 4 ካመጣች በቂ ነው፤ በግምት ከመቶ ተፈታኝ 23ቱን እንደ መብለጥ ማለት ነው። የሚታየው ደግሞ አጠቃላይ ውጤቱ ነው። የልጄ ንባብ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ሒሳቡን አዝሎ ሁለት ዓመት አሻገረው። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ስንት እንግዳ አሳይቼበታለሁ!

ወደ 4ኛ ክፍል እንመለስ ስላት ፊቷ ተቀየረ። መጀመሪያ ያመጣሁላት መለማመጃ ላይ ፈገግ ያለ ፒዛ ተሥሎበት ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ፊት ፈገግ ያለ ፒዛ አታስቀምጡ። ይህን ከእኔ ተማሩ።

ስለዚህ ወደ ኩሽና ገባን። የዳቦ ዱቄት መለኪያ ኩባያዎች አሉን፣ ሩብ፣ ሲሶ፣ ግማሽ፣ ሙሉ። «በግማሹ ኩባያ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ቀዳችና አየች፣ ሁለት። እንግዲያው 1/2 ለ1/4 ሲካፈል 2 ነው። ቆም አለች። ማካፈል ሁልጊዜ ያሳንሳል ብላ ነበር የምታምነው። «ለምን በዛ?» አለችኝ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም፤ «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ለምን እንደሚገለበጥ ጠይቄም አላውቅ። እዚያው ዱቄት በዱቄት ሆነን አብረን አወቅነው፦ በሙሉ ኩባያ ውስጥ አራት ሩብ አለ፣ በግማሹ ውስጥ የአራት ግማሽ ይኖራል። ለካ ኤ ያመጣሁት ሳይገባኝ ኖሯል።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተን ያችን የድሮ ጥያቄ ሳልጽፋት በቃል አመጣኋት። ሦስት ጓደኛሞች ሒሳብ እኩል ይካፈላሉ፣ የሁለቱ ድርሻ ተደምሮ 12 ዶላር ነው፣ ጠቅላላው ስንት ነው? «አንዷ ስድስት፣ 18» አለች፣ ስልኳን እያየች። ይህች እኮ ያቺው 2/3 ኤክስ ናት ስላት አላመነችኝም። ጽፌ አሳየኋት።

የማባዣ ሰንጠረዡም ቀዳዳ ነበረው። ሁሉንም እንደ እኛ ዘመን በዜማ አሸምድጂ ማለት አያስፈልግም። እስከ 5 ያለውን ካወቀች፣ 7 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 7 አንድ መሆናቸውን ካየች፣ ከ6 እስከ 9 የሚቀሯት ተቆጥረው 10 ብቻ ናቸው። 10! የ9ኙ በጣት ይሠራል፤ 7 ጊዜ 9 ከሆነ ሰባተኛውን ጣት አጥፊ፣ በግራ 6 በቀኝ 3፣ 63። ሌሎቹን ስድስት በካርድ ጽፈን መኪና ውስጥ ጨረስናቸው።

ስለ ቪዲዮ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ካን አካዳሚ የሚባለው የኢንተርኔት የቪዲዮ ትምህርት ነፃ ነው፣ እኛም እንጠቀምበታለን። ግን ልጄ አንድ ቪዲዮ አይታ «ገባኝ» ካለች በኋላ ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ስሰጣት ብዙ ጊዜ ትቆማለች። ሰው ሲዋኝ አይቶ ዋና ቻልኩ እንደማለት ነው። አሁን ቪዲዮው አምስት ደቂቃ፣ ወረቀቱ ሃያ ደቂቃ ነው፣ በቃ። ቅዳሜን ሁለት ሰዓት ከማስለቀስ በየቀኑ 25 ደቂቃ ይሻላል። ላጲስም ከጠረጴዛው አንስተናል፤ የተሳሳተችው ካልጠፋ የት ጋ እንደሳተች ሁለታችንም እናያለን። እርሳሱን እሷ ብቻ ናት የምትይዘው። እኔ እጄን መያዝ አቅቶኝ አንዳንዴ እላዩ ላይ እቀመጥበታለሁ።

ኔጌቲቭ ቁጥር ደግሞ ሳይታሰብ በብርዱ መጣ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ በስልክ ስታገኘን ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ብርዱን ነው፣ ከእነሱ ብርድ ጋር ልታወዳድር። የእኛ ስልክ በፋራናይት ነው የሚያሳየው። ለአያቷ የመለወጥ ሥራ የልጄ ሆነ፦ 32 ቀንሺ፣ ለ9 አካፍይ፣ በ5 አባዢ። በጋ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደል፣ 95 ሲሆን 35 ነው። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ግን ስልኩ 14 አለ። 14 ሲቀነስ 32... ጣቶቿን አየች፣ ጣሪያውን አየች። ኔጌቲቭ 18። ለ9፣ ኔጌቲቭ 2። በ5፣ ኔጌቲቭ 10።

«እማማ፣ ዛሬ አስር ነው። ከዜሮ በታች።»

«ከዜሮ በታች ደግሞ ምን አለ የኔ እናት?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። የአማርኛው ቃል አልመጣላትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት።

«እ... ምንም የለሽም እማማ። ግን ደግሞ የሰው አስር አለብሽ። እንደዛ።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «እዳ ነው በይኛ!»

«አዎ! እዳ!»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ከማን ተበድራችሁ ነው?»